የጨረቃ ፎቶ ማጥሪያ ሶፍትዌሮች፦ የትኛው ያለውን ያወጣል፣ የትኛው የሌለውን ይጨምራል?

ዛሬ የማወራችሁ የጨረቃን ፎቶ ሻርፕ ስለሚያደርጉ ሶፍትዌሮች ነው። ወደ ውድድሩ ከመግባታችን በፊት ግን ነገሩን ለምን እንደጀመርኩት ልንገራችሁ፤ ትንሽ ያሳፍራል።

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኢትዮጵያውያን ልጆች አማርኛ እናስተምራለን። ባለፈው ዓመት ራሴ ያነሳሁትን የጨረቃ ፎቶ በትልቁ አሳትሜ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ልጆቹ ወደዱት፣ ወላጆችም አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሱ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት የ12 ዓመት ተማሪ ስልኳን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይቺ ጉድጓድ ናሳ ካርታ ላይ የለችም» አለችኝ። ጣቷ ያረፈው ፕሌቶ በሚባለው ትልቅ ክሬተር ወለል ላይ በምትታይ አንዲት ትንሽ ክብ ላይ ነበር።

«የፀሐይ አቅጣጫ ሲለያይ እንዲህ ሊሆን ይችላል» ብዬ ሸኘኋት። ማታ ቤት ገብቼ ዋናውን ቪዲዮ ስከፍተው ግን ልጅቷ ልክ ነበረች። በዚያ ቦታ ያን የሚያህል ጉድጓድ የለም። ቪዲዮው ላይ የነበረው አንድ ደብዛዛ ጥላ ብቻ ነው። ጉድጓዷን የሠራት ፎቶውን ለማጥራት የተጠቀምኩበት በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፎቶውን ከግድግዳው አውርጄ የሆነውን ለልጆቹ ነገርኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ሶፍትዌር ስመርጥ የምጠይቀው ጥያቄ ተቀየረ። ድሮ «የትኛው ይበልጥ ያምራል?» ነበር። አሁን «የሰጠኝን ውጤት በምን ላረጋግጥ?» ነው።

ፎቶው ለምን ይደበዝዛል?

ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ቴሌስኮፑ ራሱ ነው። የብርሃን ሞገድ በተወሰነ ስፋት ውስጥ ሲያልፍ ስለሚበተን፣ ሰማይ ላይ ነጥብ የሆነው ነገር ካሜራው ላይ ትንሽ ክብ ብዥታ ሆኖ ያርፋል። ለዚህ የዶውስ ገደብ የሚባል ቀላል መለኪያ አለ፤ 116ን በሚሊ ሜትር በተለካው የቴሌስኮፕ ስፋት ስታካፍሉ ቴሌስኮፑ ሊለየው የሚችለውን ትንሹን ርቀት በአርክ ሰከንድ ታገኛላችሁ። የእኔ ቴሌስኮፕ 130 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 0.9 አርክ ሰከንድ ገደማ ይደርሰኛል። ጨረቃ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ስለምትርቅ 1 አርክ ሰከንድ እዚያ ላይ 1.86 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ስፋቱ 1 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ክብ ጉድጓድ በፎቶዬ ላይ ቁልጭ ብሎ ቢታየኝ፣ ከመደሰቴ በፊት ልጠራጠር ይገባኛል።

ሁለተኛው ምክንያት አየሩ ነው። በጋለ አስፋልት ላይ ከሩቅ የሚመጣ መኪና ሲንቀጠቀጥ አይታችኋል። ከጨረቃ የሚመጣው ብርሃንም ከባቢ አየርን ሲያቋርጥ እንዲሁ ይንቀጠቀጣል። ጨረቃ ወደ አድማስ ዝቅ ባለች ቁጥር ብርሃኗ የሚያልፍበት አየር ይወፍራል። በዚህ በኩል አገር ቤት ያሉት ታድለዋል፤ ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ጨረቃ ብዙ ጊዜ አናት ላይ ትወጣለች፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሰሜን አውሮፓ ያላችሁ ጨረቃ ከፍ የምትልበትን ወቅት መጠበቅ ይኖርባችኋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ ቀን የጋለው ጣሪያና አስፋልት እስኪበርድ ብትጠብቁ ይሻላል። ይህን ማንም ሶፍትዌር አይተካውም።

መጀመሪያ መደራረብ

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ነጠላ ፎቶ አንስተው በቀጥታ ሻርፕ ለማድረግ ይሞክራሉ። ሻርፕ ማድረግ ማለት በአጎራባች ፒክስሎች መካከል ያለውን ልዩነት ማጉላት ነው። ኖይዝም በአጎራባች ፒክስሎች መካከል ያለ ልዩነት ስለሆነ አብሮ ይጎላል።

መፍትሔው ቪዲዮ መቅረጽ ነው። በሰከንድ 50 ፍሬም ለ60 ሰከንድ ብትቀርጹ 3,000 ፍሬም ይኖራችኋል። አውቶስታከርት የተባለው ነጻ ፕሮግራም ፍሬሞቹን በጥራት ደረጃ ያወጣቸዋል፣ ምርጦቹን ቦታ በቦታ ያገጣጥማል፣ ከዚያም አማካያቸውን ይወስዳል። ምርጦቹን 10 በመቶ ማለትም 300 ፍሬም ብትደራርቡ የኖይዙ መጠን በ300 ካሬ ሥር ይቀንሳል፤ ወደ 17 ጊዜ ያህል ማለት ነው። ከዚህ የሚወጣው ፎቶ ለስላሳና ደብዛዛ ነው። አትደንግጡ፣ ጥሬ ዕቃችሁ እሱ ነው።

ፋይሉን ባለ 16 ቢት ቲፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ባለ 8 ቢት ፎቶ 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ሲኖረው ባለ 16 ቢቱ 65,536 አለው። ሻርፕ ስታደርጉ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል።

አንድ ለእኛ ብቻ የሚሆን ምክር ልጨምር። ፎልደሩን «ጨረቃ» ብዬ በአማርኛ ሰይሜው ከሞከርኳቸው የቆዩ ፕሮግራሞች አንዱ ፋይሉን አልከፍትም አለኝ። ስሕተቱን ስፈልግ አንድ ሰዓት አጠፋሁ። ዩኒኮድን በደንብ የማያውቁ የቆዩ ፕሮግራሞች አሁንም አሉና፣ ለዚህ ሥራ ፎልደሩንም ፋይሉንም በላቲን ፊደል ሰይሙ።

ፈተናው

ለሁሉም የሰጠሁት አንድ አይነት ፋይል ነው። ቴሌስኮፑ 650 ሚሊ ሜትር የፎካል ርዝመት ሲኖረው፣ ባለ 2 እጥፍ ባርሎ ሌንስ ጨምሬ 1,300 አደረስኩት። የካሜራው ፒክስል 2.9 ማይክሮ ሜትር ነው። 206.265ን በፒክስሉ መጠን አባዝታችሁ ለፎካል ርዝመቱ ስታካፍሉ አንድ ፒክስል ስንት አርክ ሰከንድ እንደሚሸፍን ይወጣል፤ እዚህ 0.46 ነው። ቴሌስኮፑ የሚለየው ትንሹ ነገር ሁለት ፒክስል ገደማ ላይ ያርፋል ማለት ስለሆነ ተመጣጣኝ ነው።

ውጤቱን ያየሁት በሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የፕሌቶ ወለል ነው። ፕሌቶ 101 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ወለሉ በላቫ የተሞላና ለጥ ያለ ክሬተር ነው። በወለሉ ላይ ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች ትልልቆቹ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆኑ ለእኔ ቴሌስኮፕ ልክ ድንበሩ ላይ ናቸው። ሁለተኛው የጨረቃ ብሩህ ጠርዝ ነው፤ ሶፍትዌሩ ሐሰተኛ ነጭ መስመር የሚያሰምር ከሆነ እዚያ ይጋለጣል። ሦስተኛው የብርሃንና የጨለማ ድንበር ነው፤ ብርሃኑ ትንሽ ስለሆነ ኖይዙ የሚያፈጠው እዚያ ነው።

ጊምፕ፦ ሁሉም ሰው ያለው መሣሪያ

ጊምፕ ውስጥ ያለው አንሻርፕ ማስክ ስሙ ግራ ያጋባል፤ «ሻርፕ ያልሆነ» የሚለው ቃል የመጣው ከፊልም ዘመን ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ የፎቶው ደብዛዛ ቅጂ ተሠርቶ ከዋናው ፊልም ጋር ይደረብ ነበር። ዛሬ ቀመሩ እንዲህ ነው፦

የጠራው ፎቶ = ዋናው + ኃይል × (ዋናው − የደበዘዘው ቅጂ)

ከ2018 ጀምሮ፣ ማለትም ከጊምፕ 2.10 ወዲህ፣ ባለ 16 እና ባለ 32 ቢት ፎቶ ላይ መሥራት ስለሚቻል ለጨረቃ ፎቶ ይበቃል። ችግሩ በአንድ ጊዜ የሚሠራው በአንድ የስፋት ልክ ብቻ መሆኑ ነው። ራዲየሱን ትንሽ ሳደርገው ኖይዙ ፈጠጠ፣ ትልቅ ሳደርገው ደግሞ በጨረቃ ጠርዝ ላይ ነጭ ቀለበት ወጣ። ፕሌቶ ላይ መሃል ያለችው ጉድጓድ ብቻ ታየችኝ። ከመስኮት በስልክ ወይም በተራ ካሜራ ለተነሳች ሙሉ ጨረቃ ግን ከዚህ በላይ መድከም አያስፈልግም።

ሬጂስታክስ፦ ሽማግሌው

የሆላንዱ ኮር ቤሬቮትስ የሠራው ሬጂስታክስ 6 የወጣው በ2011 ነው። ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ፣ መልኩ ያረጀ፣ ግን እስከ ዛሬ ብዙ የጨረቃና የፕላኔት ፎቶ አንሺዎች የሚመለሱበት ፕሮግራም ነው። ተወዳጅ ያደረገው ዌቭሌት ነው።

ዌቭሌትን እንዲህ አስቡት። ፎቶውን በትንሹ አደብዝዙ፣ ከዋናው ቀንሱት፤ የሚቀረው እጅግ ጥቃቅኑ ዝርዝር ብቻ ነው። የደበዘዘውን ደግሞ ይበልጥ አደብዝዙና ልዩነቱን ውሰዱ፤ አሁን ከፍ ያለው ዝርዝር ለብቻው ወጣ። እንዲህ እየተቀጠለ ፎቶው እንደ እንጀራ በስድስት ንብብር ይደረደራል። ለእያንዳንዱ ንብብር የራሱ ማንሸራተቻና የራሱ ኖይዝ መቀነሻ አለው። ሁሉም መልሰው ሲደመሩ ፎቶው ይገኛል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ኖይዙ በአብዛኛው የሚኖረው አንደኛው ንብብር ውስጥ ስለሆነ እሱን ትቼ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ከፍ አደረግኩ። ፕሌቶ ላይ መሃል ያለችው ጉድጓድ ቁልጭ ብላ ወጣች፣ ሁለት ሌሎችም ደብዘዝ ብለው ታዩ። ጉዳቱ ደግሞ እጅ ማብዛቱ ነው። ማንሸራተቻውን በገፋችሁ ቁጥር «አሁን ገና አማረ» ያሰኛል፣ መቆሚያ የለውም። አንደኛውን ንብብር ሆን ብዬ ከልክ በላይ ሳደርገው የኖይዙ ጓል ጓል ትንንሽ ጉድጓድ መስሎ ታየኝ። የሌለ ነገር የሚያሳየው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ሊኑክስ ወይም ማክ የምትጠቀሙ ከሆነ ተመሳሳይ ዌቭሌት ሲሪል በተባለው ነጻና ክፍት ፕሮግራም ውስጥ ታገኛላችሁ። በስክሪፕት መታዘዙ ለእኛ ለኮድ ሰዎች ይመቻል።

ኢምፒፒጂ፦ የእኔ ምርጫ

ኢምፒፒጂ ለፀሐይ፣ ለጨረቃና ለፕላኔት ፎቶ የተሠራ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ስለሆነ ኮዱን ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። የሚጠቀመው ሪቻርድሰን-ሉሲ የተባለውን ዲኮንቮሉሽን ነው። ዘዴውን ሪቻርድሰን በ1972፣ ሉሲ በ1974 ለየብቻቸው አሳትመውታል። ሀብል ቴሌስኮፕ በ1990 መስተዋቱ ተበላሽቶ ሲወጣ፣ በ1993 መጨረሻ ጠፈርተኞች እስኪጠግኑት ድረስ ሳይንቲስቶች ፎቶዎቹን ለማጥራት ከተጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነበር።

አሠራሩ ግምትና እርማት ነው። መጀመሪያ ብዥታው ምን ቅርጽ እንዳለው ትነግሩታላችሁ፤ ኢምፒፒጂ ውስጥ ይህ ሲግማ በሚባል አንድ ቁጥር ይገለጻል። ፕሮግራሙ «እውነተኛዋ ጨረቃ ይህን ትመስላለች» ብሎ ይገምታል፣ ግምቱን በዚያ ብዥታ ልክ ያደበዝዘዋል፣ ከእናንተ ፎቶ ጋር ያስተያየዋል፣ በልዩነቱ ልክ ግምቱን ያርማል። ይህን ደጋግሞ ያደርገዋል። ለእኔ ፋይል ሲግማውን ከ1.2 እስከ 1.4፣ ድግግሞሹን ከ30 እስከ 50 ባለው ውስጥ ሳደርገው ጥሩ ሆነልኝ፤ የእናንተ በቴሌስኮፑና በአየሩ ሁኔታ ይወሰናል። ከዚያ በላይ ስሄድ በብሩህ ጠርዞች ዙሪያ ጥቁርና ነጭ ቀለበት መውጣት ጀመረ። ከመጠን በላይ በበሩ ቦታዎች ዙሪያ ይህን ለመከላከል የተለየ ምልክት አለው።

ፕሌቶ ላይ ሦስቱን ጉድጓዶች እንደ ሬጂስታክስ አሳየኝ፤ የጨረቃ ጠርዝ ግን ይበልጥ ንጹሕ ነበር። እንድመርጠው ያደረገኝ ሌላም ነገር አለ። የተጠቀምኩበትን ቁጥር ፋይል አድርጌ አስቀምጬ በብዙ ፎቶ ላይ በአንድ ጊዜ ማስኬድ እችላለሁ። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ፋይል በዚያው ቁጥር ባስኬደው ያንኑ ውጤት አገኛለሁ።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፦ ቆንጆው ጎረምሳ

ለተራ ፎቶ የተሠሩት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማጥሪያዎች አሠራራቸው ይለያል። ከላይ ያየናቸው ሁሉ የሚሠሩት በእናንተው ፎቶ ውስጥ ባለው ቁጥር ብቻ ነው። እነዚህ ግን በብዙ ፎቶዎች ላይ ሠልጥነዋል። ደብዛዛ ነገር ሲያዩ «እንዲህ ያለ ብዥታ ብዙ ጊዜ ምን ነበር?» ብለው ካዩት ልምድ ይሞላሉ። ለሠርግ ፎቶ ችግር የለውም፤ የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አንድ ቢጨመር ማንም አይቆጥረውም። ጨረቃ ላይ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ቦታ ነው።

በፈተናዬ ከሁሉም ያማረው ፎቶ የእነዚህ ነበር። ኖይዝ የለም፣ ቀለበት የለም፣ የጉድጓዶቹ ጠርዝ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ያቺ ልጅ ያገኘቻት የሌለች ጉድጓድም እዚያው ናት።

ነገሩ በስልክም መጥቷል። በ2023 አንድ የሬዲት ተጠቃሚ የጨረቃን ፎቶ ወደ 170 በ170 ፒክስል አሳንሶ፣ ይበልጥ አደብዝዞ፣ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ከፈተውና መብራት አጥፍቶ በጋላክሲ ኤስ23 አልትራ ከሩቅ አነሳው። ስልኩ ስክሪኑ ላይ ያልነበረ ዝርዝር ያለው ጨረቃ ሰጠው። ሳምሰንግ በበኩሉ ካሜራው ጨረቃን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እንደሚለይና ዝርዝሯን እንደሚያጎላ፣ ተጠቃሚውም ይህን ማጥፋት እንደሚችል አስረድቷል።

ሁለት ማረጋገጫዎች

አንደኛው የሁለት ቪዲዮ ፈተና ነው። አንድ ቪዲዮ ብቻ ከመቅረጽ ሁለት በተከታታይ ቅረጹ። ለየብቻ ደራርቧቸው፣ በአንድ አይነት ቁጥር ሻርፕ አድርጓቸው፣ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ኖይዝ በዘፈቀደ ስለሚመጣ በሁለቱም ላይ አንድ ቦታ አይወድቅም። በአንዱ ታይታ በሌላው የጠፋች ጉድጓድ እምነት አትጣሉባት። ከሬጂስታክሱ የኖይዝ ጉድጓዶች አብዛኞቹን የጣልኳቸው በዚህ ነው።

ይህ ፈተና ግን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንሱን ስሕተት አልያዘውም። ሁለቱም ቪዲዮዎች ላይ ያው ደብዛዛ ጥላ ስለነበረ ሶፍትዌሩ ሁለቱም ላይ ያቺኑ ጉድጓድ ሠራት። ለዚህ ሁለተኛው ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ካርታ። ከ2009 ጀምሮ ጨረቃን እየዞረ ያለው የናሳ ሉናር ሪኮኔሳንስ ኦርቢተር ያነሳቸው ፎቶዎች በነጻ ይገኛሉ፤ የጨረቃን ገጽ ከየትኛውም የምድር ቴሌስኮፕ በላቀ ዝርዝር ያሳያሉ። የኒውተን አይነት ቴሌስኮፕ ምስሉን ስለሚገለብጠው ፎቶውን 180 ዲግሪ አዙራችሁ አስተያዩ። የፀሐይ አቅጣጫ ሲለያይ ጥላ ይለወጣል እንጂ የ2 ኪሎ ሜትር ጉድጓድ ከቦታው አይነሳም።

ኮድ ለምትጽፉ አንድ ሙከራ

የሶፍትዌርን ታማኝነት ለመለካት እውነቱን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ከኦርቢተሩ ፎቶ አንድ ቁራጭ ውሰዱ፣ በጋውሲያን አደብዝዙ፣ ትንሽ ኖይዝ ጨምሩበት፣ ከዚያ ለምትፈትኑት ሶፍትዌር ስጡትና ውጤቱን ከዋናው ቀንሱ። የፓይተኑ ሳይኪት-ኢሜጅ ላይብረሪ ሪቻርድሰን-ሉሲን ይዟልና ለማነጻጸሪያ ይሆናችኋል። ማንኛውም ዘዴ የሚያጣው ነገር ይኖራል፤ ለጥ ባለ ወለል ላይ የሚጨምር ከሆነ ግን ጠርጥሩት።

አንድ ወጥመድ አለ። አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ የሠለጠነው በዚያው ፎቶ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማደብዘዛችሁ በፊት አንድ ጉድጓድ በጊምፕ አጥፉ፣ ሌላ ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ የሌለ ጉድጓድ ትከሉ። ያጠፋችሁት ተመልሶ ከመጣ ሶፍትዌሩ እያስታወሰ ነው እንጂ እያየ አይደለም። የተከላችሁት ከጠፋም እንዲሁ።

ታዲያ የትኛውን?

ለጀማሪ ጊምፕ ይበቃል። ዊንዶውስ ካላችሁና በእጅ እየነካካችሁ መማር ከወደዳችሁ ሬጂስታክስ፤ አንደኛውን ንብብር ብቻ ረጋ በሉበት። ደግሜ ልመረምረው የምችል ሥራ ስፈልግ እኔ አውቶስታከርትንና ኢምፒፒጂን ነው የምጠቀመው፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ለስልካችሁ ስክሪን ጌጥ ከሆነ ማን ይከለክላችኋል? «ጨረቃ ይህን ትመስላለች» ብላችሁ ለሰው የምታሳዩት ከሆነ ግን፣ በምን እንዳጠራችሁት አብራችሁ ጻፉ።

ግድግዳው ላይ አሁን ሌላ ፎቶ አለ። ከፊተኛው ይልቅ ደብዘዝ ያለ ነው። ከሥሩ የተጠቀምኩበት ፕሮግራም፣ ሲግማውና ድግግሞሹ ተጽፏል። ፕሌቶ ወለል ላይ ያሉትን ሦስት ጉድጓዶች ልጆቹ ከካርታው ጋር እያስተያዩ በእርሳስ አክብበዋቸዋል። ያቺ ተማሪ አራተኛ እየፈለገች ነው፤ አየሩ ጸጥ ያለ ማታ ሲመጣ ደውልልኝ ብላኛለች።